ጉንጯን የሞላችው የድንጋይ እመቤት

ዋናውን መጀመሪያ ካልተናገርኩት እፈነዳለሁ፤ ስለዚህ ስሙኝማ። ያቺ ሰባት መቶ ዓመቷ ነው የተባለላት፣ ሰው በአውቶቡስ ተጭኖ እየመጣ አንገቱን እስኪያመው አንጋጦ የሚያያት፣ ሚስተር ፔቨረል «እመቤት አልድጊዝ» ብለው የሰየሟት የድንጋይ ፊት የታምሲን ድሩሪ አያት ናት። የምር አያቷ! ደልሲ! ከሞተች ገና ሁለት ዓመቷ ነው እኮ። ከእመቤቲቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው ውስጥ የሚንቆረቆረው «የተቀደሰ ምንጭ» ደግሞ... አይ፣ እሱን እንኳን ለኋላ ላቆየው ነበር። አልቻልኩም። ሽንት ቤት ነው።

በቃ፣ ተነፈስኩ። አሁን ከሥሩ ልጀምር።

ስካርንቢ ማለት አንድ መንገድ፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አርባ ምናምን ቤትና ከሰው የሚበልጥ በግ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ሊንከንሺር ውስጥ እንደዚህ ያለ መንደር ሞልቷል፤ የስካርንቢ ልዩነቱ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ሰው መተኛቱ ነው። በስብከት ሰዓት ማለቴ አይደለም፣ እሱማ ድሮም ነበር። አሁን አልጋ ገብቶለታል። ቤት ሆኗል።

ይሄ ህንጻ ደግሞ ከተሠራ ጀምሮ አንድም ቀን አርፎ አያውቅም። መጀመሪያ የሠሩት ሰዎች ቅስቱን ሁሉ ክብ አድርገው ሠሩት። የልጅ ልጆቻቸው መጡና ክብ ቅስት አልፎበታል ብለው አፍርሰው ሾጣጣ አደረጉት። ከዚያ ወረርሽኝ ገብቶ ግማሹ መንደር አለቀና የተረፉት «ሰፋብን» ብለው የሰሜኑን ክንፍ ናዱት፤ ድንጋዩን እዚያው ሣር ውስጥ ጥለውት ሄዱ። የእነሱ ልጆች ደግሞ የበግ ጸጉር ገበያ ሲደራላቸው «የጎረቤት መንደር ማማ ከእኛ አይበልጥም» ብለው ያን የሚያህል የደወል ማማ ገተሩ። አስቡት፣ ከታች ጠብቦ ከላይ የረዘመ። ቀጥሎ ሥዕል ኃጢአት ነው የሚል ንጉሥ መጣ፤ ግድግዳው ላይ የነበሩት ቅዱሳን ሁሉ ኖራ ተቀቡ። ቀጥሎ መስታወትም ኃጢአት ነው የሚሉ ወታደሮች መጡ፤ እነሱ ዱላ ይዘው ነበር። ከሁሉ የሚገርመው ግን የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ጢማቸው ሆዳቸው ላይ የሚደርስ ቄስ መጥተው «ይሄ ቤተክርስቲያን በደንብ ጥንታዊ አይመስልም» አሉና ጥንታዊውን መቅደስ አፍርሰው አዲስ ጥንታዊ መቅደስ ሠሩ። የምሬን ነው። የጢማቸው ፎቶ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሏል።

በመጨረሻ የሚያፈርስም የሚጸልይም ጠፋ። እሁድ እሁድ የሚመጡት አራት አሮጊቶችና አንድ ውሻ ሆኑ፤ ውሻው ሲሞት አጥቢያው ተዘጋ። በ1974 ሚስተር ክላቨሪንግ የሚባል የጥርስ ሐኪም ገዛው። ሐኪሙ ምዕመናን ይቆሙበት የነበረውን ሳሎንና ወጥ ቤት አደረገው፤ በመቅደሱ ላይ ፎቅ አንጥፎ ሮዝ የገላ መታጠቢያ ገንዳ አስገባ፤ ሕጻናት ይጠመቁበት የነበረውን የድንጋይ ገንዳ በረዶ ሞልቶ ቢራ ያቀዘቅዝበት ጀመር። ሲሸጡለት ታዲያ አንድ ነገር ተጽፎ ነበር፤ ቤቱ ተሸጠ እንጂ ሙታኑ አልተሸጡም። የመቃብሩ ቦታ የመንደሩ ነው። ዘመድ ያለው ሰው አበባውን ይዞ በፈለገው ሰዓት ይገባል፣ ባለቤቱ በፒጃማ ሆኖ እንቁላል እየጠበሰም ቢሆን።

እዚህ ላይ ነው የኛ ሰዎች የሚገቡት። የታምሲን ወንድ አያት ኤሞስ ድሩሪ ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ግንበኛ፣ በቀን ከአሥር ቃል በላይ ከተናገረ ሐኪም የሚጠራለት ዓይነት ሰው። የደልሲ መቃብር ደግሞ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሦስት እርምጃ ነው። እሁድ እሁድ ኤሞስ ዳልያ አበባ ይዞ ይመጣል፣ አሮጌውን ያነሳል፣ አዲሱን ያስቀምጣል፣ ከዚያ ቀና ይልና በመስኮቱ ወደ ውስጥ እያየ ሩብ ሰዓት ይቆማል። ሁልጊዜ! ጀርባውን ለመቃብሩ ሰጥቶ!

የአሁኖቹ ባለቤቶች፣ ፔቨረሎች፣ ከለንደን ከመጡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ሚስስ ፔቨረል ይሄን ነገር አልወደዱትም። እኔ ዳቦዬን ቅቤ ስቀባ ሽማግሌው ያፈጥብኛል ብለው መንደር ለመንደር አወሩ። መጋረጃ ይስቀሉ እንዳትሉ፣ ባልየው ከልክለዋል። የጥንት መስኮት መጋረጃ አይለብስም ይላሉ። ታምሲን ራሷ ታፍር ነበር፤ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሰው ያየኛል አያየኝም የሚለው ነገር ይበላታል። አንዴ እጁን ይዛ «አባባ፣ መቃብሩ እኮ በዚህ በኩል ነው» ብትለው «አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ ያስቆፈርኩት» ብሏት ማየቱን ቀጠለ።

ሚስተር ፔቨረልን በደንብ ልሳልላችሁ። ቀይ ሱሪ። ለበዓል አይደለም፣ ሁልጊዜ ቀይ ሱሪ። ቤታቸውን ሲጠሩ «ቤቴ» አይሉም፣ «አደራዬ» ይላሉ። በየዓመቱ መስከረም ላይ የጥንት ቤቶች በር ለሕዝብ የሚከፈትበት ቅዳሜ አለ፤ በዚያ ቀን እሳቸው የስብከት ሰገነቱ ላይ ይወጡና የህንጻውን ታሪክ ይተርካሉ። ታሪኩ በየዓመቱ በአንድ ባላባትና በሁለት ተአምር ይረዝማል። የታሪኩ ዘውድ ደግሞ ከትልቁ ቅስት ሥር ከግድግዳው ወጥታ ወደ ወጥ ቤቱ የምታየው የሴት ፊት ናት፤ እመቤት አልድጊዝ። ዘንድሮ ስለ እሷ ትንሽዬ መጽሐፍ ሊያሳትሙ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ደግሞ ሥዕሏ እንዲሆን ፈለጉ። ታምሲን በመንደሩ ትርኢት ላይ፣ በትልቁ ዱባና በምርጡ ማርማላታ መሃል፣ በሥዕል አንደኛ ወጥታ ነበርና እሷን ጠየቋት። ቅዳሜ መጥታ ንድፍ እንድትይዝ፣ ረቡዕ ደግሞ መሰላል ወጥታ በደንብ እንድትስል። ታምሲን በደስታ ሁለት ቀን አልተኛችም። በሩ በሚከፈትባቸው ቅዳሜዎች እንኳን ቤቱ ውስጥ ገብታ አታውቅማ!

ቅዳሜ መጣ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰበሰበ፣ ኤሞስም ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ አብሯት መጣ። የክብር እንግዳዋ ዶክተር ኢምሪ ታልቦት የሚባሉ የጥንት ህንጻ አጥኚ ነበሩ፤ እሳቸው ያሉት ነገር በቅርስ መዝገብ ከገባ ያንን ድንጋይ ባለቤቱም አይነካውም። ሚስተር ፔቨረል ገና ሰገነቱ ላይ ሲወጡ የጥርስ ሐኪሙን ጉድ በሙሉ ለቅመው እንደሚያወጡ አወጁ። ሮዙ ገንዳ፣ ፎቁ፣ በሱ ዘመን የገባ ነገር ሁሉ በጸደይ ቆሻሻ ኮንቴነር ውስጥ ይገባል። ከሁለት መቶ ዓመት በታች የሆነ ነገር ለዚህ ግድግዳ ስድብ ነው አሉ። ሰው አጨበጨበ።

ከዚያ ወደ እመቤቲቱ ዞሩ። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው፤ ይሄ ጠባቧ የመንግሥተ ሰማያት በር ናት አሉ። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ፤ ባሏ ለጦርነት ሲሄድ መንደሩን በሰይፍ ስትከላከል የቆሰለችው ነው። ግራ ጉንጯ አብጧል፤ እዚህ ላይ ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ያ ጉንጭ ያልተነገረ ጸሎት ይዟል።

ታምሲን ያን ጊዜ እርሳሷን አውጥታ መሳል ጀምራለች። አፍንጫውን ጀመረች፤ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ። ከዚያ ከንፈሩን። እጇ ከዓይኗ ቀድሞ አወቀ። ያንን አፍንጫ መቶ ጊዜ ስላዋለች! ደልሲ ፎቶ ጠላቷ ነበር፤ ካሜራ ካየች የዕቃ ማድረቂያ ፎጣ ፊቷ ላይ ትጥላለች፤ የሠርጓ ፎቶ ላይ እንኳን ዞራ አንድ ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው የሚታየው። እንድትስላት የምትፈቅደው ለታምሲን ብቻ ነበር። ጠባሳው ሕጻን ሆና ዝይ የነከሳት ነው። በፍንጭቷ ደግሞ ታፏጭ ነበር፤ ውሻውንም ኤሞስንም የምትጠራው በአንድ ፉጨት ነው፣ ቀድሞ የሚደርሰው ኤሞስ ነበር።

ታምሲን ቀና ብላ አያቷን አየችው። ኤሞስ ግድግዳውን ተደግፎ፣ በአንድ እጁ የወረቀት ሻይ ኩባያ በሌላው ግማሽ ኬክ ይዞ፣ እመቤቲቱን እያየ ነው። ፈገግ ብሏል። እሱ! ፈገግ!

ዶክተር ታልቦት ተራቸውን ወሰዱ። ድንጋዩን ባለፈው በመሣሪያ አስመርምረውታል፤ ከመጀመሪያው ቤተክርስቲያን ጋር አንድ ነው፣ ጥርጥር የለውም አሉ። ሥራውንም እዩት አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «እንዲህ የሚስቅ ድንጋይ የሚሠራ እጅ ያኔ ነበር። ዛሬ የለም። ጠፍቷል።»

በዚያችው ቅጽበት ሚስስ ፔቨረል ወደ ኤሞስ ጠጋ ብለው፣ በጣም በትህትና፣ «ሚስተር ድሩሪ፣ ግድግዳውን ባይደገፉት። ጥንታዊ ነው» አሉት።

ኤሞስ ግድግዳውን አየው። «ይቅርታ» አለና ቀጥ ብሎ ቆመ።

ያንን ግድግዳ የሠራው እሱ ነው፤ ይሄን በኋላ ነው የሰማነው። ኬኩ ግን ያኔውኑ ጉሮሮው ላይ ቆሞ ሊገለው ነበር።

ገና አላለቀም። ሚስተር ፔቨረል እጃቸውን አነሱ፣ ዝም በሉ አሉ። ሠላሳ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ከእመቤቲቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ ጉልጉልጉል የሚል ድምጽ ወረደ። አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ጨፈነች። ከህንጻው ሥር የተቀደሰ ምንጭ አለ ብለው ነገሩን፤ ጠዋት ሲነጋና ማታ ከመኝታ በፊት በደንብ ይሰማል፣ ከጥንት መነኮሳት የጸሎት ሰዓት ጋር ልክ ይገጥማል። ሁሉም በአድናቆት ጭንቅላቱን እየነቀነቀ እያለ አንድ ወፍራም ሰውዬ እጁን በሱሪው እያደረቀ ከፎቅ ወረደ። ማንም ሁለቱን ነገር አላገናኘም። የተማሩ ሰዎች እኮ ናቸው!

ታምሲን አያቷን እጁን ይዛ ወደ ውጪ አወጣችው። ከደልሲ መቃብር ጎን ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«አባባ፣ እዚያ ያለችው ማን ናት?»

«ሰምተሻል። ባላባት ናት አሉ።»

«አባባ።»

ኤሞስ የቀረችውን ኬክ ለወፍ ፈረፈረላት። ከዚያ በሕይወቱ ያላወራውን ያህል አወራ። በ1974 ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የጥርስ ሐኪሙ ቀጥሮታል። ከላይኛው ሽንት ቤት የሚወርደው ቱቦ ለካ ሰውየው ሳያስብበት በትልቁ ቅስት ጎን፣ ከእራት ጠረጴዛው ፊት ለፊት ነው የሚወርደው። እንግዳ እየበላ ቱቦ ሊያይ ነው። «በሆነ ነገር ሸፍነው» አለው ኤሞስን፣ «ድንጋይ ግን አልገዛም።» ኤሞስ ሣር ውስጥ የወደቀውን፣ ከድሮው ሰሜን ክንፍ የተረፈውን ድንጋይ እየጎተተ አመጣና ቱቦውን በግድግዳ ከበበው። ጫፉ ላይ አንድ ድንጋይ ተረፈው። ያን ቀን ደልሲ ምሳ ይዛለት መጣች፤ ዳቦ በአይብና በሆምጣጤ በተነከረ ሽንኩርት። ሮዙን ገንዳ አየችና እዚያው ቆማ፣ አፏ ሞልቶ፣ መሳቅ ጀመረች። ልትውጥም አልቻለች፣ ልትተፋም አልቻለች።

«ዋጪ እንዳልላት እየሳቀች ነው፤ ተይ እንዳልላት እየሳቀች ነው። እኔም መሮዬን አነሳሁ።»

ያልተነገረ ጸሎት! አይብ ነው! አይብና ዳቦ!

ታምሲን ለምን ዝም አልክ ብላ ጮኸችበት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ያቺ ሴትዮ አትደገፍ ስትልህ እንኳን።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ።

አሁን ገባት እሁድ እሁድ ምን እንደሚያይ። ሚስስ ፔቨረልንና ቅቤያቸውን አይደለም። ደልሲ ወጣት ሆና ያለችው እዚያች ድንጋይ ላይ ብቻ ነው፤ በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ የላትም።

ታምሲን ተነስታ ለሁሉም ልትናገር ስትል ክንዷን ያዛት። ቀይ ሱሪው ያሉትን ሰምተሻል አላት። በ1974 የገባ ሁሉ ኮንቴነር ውስጥ ነው። የሱ መሆኗ ከታወቀ ደልሲ ከሮዙ ገንዳ ጋር አብራ ትሄዳለች፤ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆና ስለተገነባች ሳትሰባበር አትወጣም። አልድጊዝ ከሆነች ግን ዶክተሯ መዝገብ ላይ ያሰፍሯታል፣ ከዚያ በኋላ አፍንጫዋን የሚነካ ይታሰራል። እንደገና ልሥራት ቢል ደግሞ... እጁን ዘርግቶ አሳያት። ይንቀጠቀጣል።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ያኔ ወጣትም ስለነበር፣ ፍቅርም ስለያዘው፣ ራሷ አናት ላይ፣ ከታች ሰው በማያየው በኩል፣ በመሮ ጽፏል፦ «ደልሲ። ኤሞስ ሠራት። 1974።» ሃምሳ ዓመት አቧራ ለብሶ ኖረ። ዶክተር ታልቦት ደግሞ ሐሙስ መሰላልና ካሜራ ይዘው ይመለሳሉ። ከእሳቸው በፊት መሰላል የሚወጣው ሰው አንድ ነው። ታምሲን። ረቡዕ።

ኤሞስ ማክሰኞ ማታ በቆርቆሮ ጣሳ ርጥብ ኖራ አቡክቶ፣ ከዚያው ድንጋይ ብናኝ ጨምሮበት ሰጣት። በጣትሽ ከደፈንሽው ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ዶክተሯም አይለዩትም አላት። ካልፈለግሽ ደግሞ ጣሳውን መልሰሽ አምጪ። እኔ አልፈርድም፣ ሁለቱንም ስለምፈልግ አላት።

«ሁለቱንም ማለት?»

ጫማውን እያየ መለሰላት። «እሷ እዚያ እንድትኖር እፈልጋለሁ። ግን ደግሞ... አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰው፣ ኤሞስ ጎበዝ ነህ ቢለኝ አልጠላም ነበር።»

ልቤን እኮ ነው የበላው!

እንግዲህ ረቡዕ። ከሰዓት በኋላ። ታምሲን መሰላሉ ላይ ናት፤ ንድፏን ጨርሳለች፣ በጣም ያምራል፣ ጉንጩን ሳይቀር። አቧራውን በብሩሽ ስትጠርገው ጽሑፉ ብቅ አለ፤ ዛሬ የተጻፈ ይመስላል። ጣሳውን ከቦርሳዋ አወጣች። ቅዳሜ ጀምራ ስታስብ ነበር፣ ሦስት ጊዜ ሐሳቧን ቀይራለች፤ በመጨረሻ አያቷ በሕይወት ዘመኑ ደልሲን እንዲያይ፣ ስም ቢቀር ይቅር ብላ ወሰነች። በአውራ ጣቷ ኖራ ቀባች። መጀመሪያ የአያቷን ስምና «ሠራት» የምትለዋን። ቀጥላ የሴት አያቷን። ከዚያ ቁጥሩን፤ አንድ፣ ዘጠኝ፣ ሰባት። አራቷ ቀረች።

ሚስተር ፔቨረል ሻይ ይዘው ገቡ። ቀይ ሱሪ። ከታች ሆነው ሥዕሉን አዩና ወደዱት፤ ጉንጩ ላይ ትንሽ ተጨማሪ ቅድስና ቢኖር አሉ። ከዚያ ሻያቸውን በማንኪያ እያማሰሉ፣ እንደ ቀላል ነገር፣

«አያትሽን ደግሞ በዘዴ ንገሪልኝ። በመስኮቱ የሚያዩትን ነገር ባለቤቴ አልተመቻትም። ከመስኮቱ ሥር ያለችው ጠባብ መሬት የኛ ናት፤ ኅዳር ላይ ቁጥቋጦ እንተክልባታለን። ሁለት ሜትር ቁመት።»

ታምሲን ጣቷ አየር ላይ ቀረ። «ከመቃብሩ ሆኖ ምንም አይታየውም ማለት ነው?»

«መቃብሩማ ይታያቸዋል። የመጡት ለሱ አይደል? አየሽ፣ እመቤቲቱ ከተመዘገበች በኋላ እንዲሁ አላፊ አግዳሚው የሚያያት አይደለችም። በቀጠሮ ነው የሚሆነው። የገባቸው ሰዎች እንዲያዩአት።»

የገባቸው ሰዎች!

ሚስተር ፔቨረል ወንበር ስበው ተቀመጡና በሻያቸው ላይ እፍ አሉ። ያኔ ላይ ቤት ሚስስ ፔቨረል ውሃ ለቀቁ መሰለኝ፣ ቱቦው ጉልጉል አለ፣ ድንጋዩ በታምሲን መዳፍ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ደልሲ አፏን ሞልታ እየሳቀች ነው የሚመስለው። በማን እንደምትስቅ እንጃ። ሚስተር ፔቨረል ኩባያቸውን ወደ ምንጩ ከፍ አደረጉለት።

አሁን እዚህ ላይ ነን። ኖራው ገና ርጥብ ነው፤ በጥፍር ከተነሳ ሦስቱም ቁጥር፣ ሁለቱም ስም ይመለሳል፤ ነገ ዶክተሯ አንብበው ኤሞስን ጎበዝ ይሉታል፣ በጸደይ ደልሲ ኮንቴነር ውስጥ ትገባለች። አራቷም ከተደፈነች ደልሲ ለዘላለም ትኖራለች፤ በሰው ስም፣ ከሁለት ሜትር ቁጥቋጦ ጀርባ፣ ኤሞስ ቀጠሮ ይዞ ካልሆነ በስተቀር የማያያት ሆና። መሃል የለውም፤ ታምሲን ፈልጋ አጥታዋለች፣ እኔም ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ሚስተር ፔቨረል ሻያቸውን እስኪጨርሱ ነው ጊዜ ያላት፤ ሲጨርሱ መሰላሉን ሊይዙላት ይመጣሉ፣ ኩባያው ደግሞ ተጋምሷል።

በእናታችሁ ንገሩኝ፣ እናንተ እዚያ መሰላል ላይ ብትሆኑ በጥፍራችሁ ትፍቁታላችሁ ወይስ አራቷን ትደፍኗታላችሁ?